የቬንዴሊን ኩባያ

የሰማህም ያልሰማህም እወቅ! ከጀርመኗ ባምበርግ ከተማ አስጎብኚዎች ሁሉ የላቀው፣ ጃንጥላውን እንደ በትረ መንግሥት ከፍ አድርጎ ጎብኚ የሚነዳው፣ ቁመቱ ከጃንጥላው እምብዛም የማይበልጠው ኦትማር፣ ሰው በቁሙ ለመቅበር በቅቷል።

ኦትማር በሚያዘወትረው ጠመቃ ቤት የደንበኞቹ ኩባያዎች ከጠረጴዛቸው በላይ ተሰቅለው ይኖራሉ። የሰው ኩባያ አይነካም። ባለቤቱ ሲሞት ብቻ አስተናጋጇ ኩኒ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ትደፋዋለች፤ ጓደኞቹም ቆመው፣ ሳይነጋገሩ ይጠጡለታል። ኦትማር ይህን ወግ ለጎብኚ ሲተርክ እንባ ያቀራል። እንባው በፈለገው ሰዓት ይመጣለታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎብኚ በጥንታዊ ኩባያ፣ ብቅሉ በጢስ የደረቀውን የከተማውን የጢስ ቢራ ይዛ ፎቶ መነሳት አማራት። ኦትማርን ደግሞ መወደድ አማረው። ከሁሉ የሚያምረው የጓደኛው የቬንዴሊን ኩባያ ነበር፤ ቬንዴሊን ዳሌውን ታክሞ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ኩኒም ጓዳ ናት። አወረደላት። ጠጣች፣ ፎቶዋንም ተነሳች። እሱም ኩባያውን አለቅልቆ፣ ይንጠፍጠፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋውና መንጋውን ወደ ካቴድራሉ ነዳ።

አመሻሹ ላይ ሲመለስ ጠረጴዛው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

"ሰማህ ኦትማር?" አለው አንዱ በሹክሹክታ። "ቬንዴሊናችን።"

እሱ ራሱ ደፍቶት የሄደው ኩባያ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ኦትማር ብርጭቆውን አነሳና አብሯቸው ቆሞ ጠጣ።

አበባ ተይዞ ወደ ቬንዴሊን ሚስት ወደ ሄድዊግ ተኬደ። ሄድዊግ ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ነፍሷ ሲመለስ ሆስፒታል ደወለች፤ ስልኩን ያነሳው ሟቹ ነበር፣ ሾርባው ጨው የለውም እያለ።

ቬንዴሊን በምርኩዝ ሲመለስ ጠየቀ፦ "ኩባያዬን ማነው የደፋው?"

ሁሉም ወደ ኩኒ ዞሩ።

"እኔ አልነካሁም።"

"ታዲያ በራሱ ወረደ?"

ጠመቃ ቤቱ ኩኒ አስተናግዳ ጠጉሯ የሸበተበትን አዳራሽ ነጥቆ ዕቃ ማጠቢያ አስገባት።

"አንተስ ያን ቀን የት ነበርክ?" አለው ቬንዴሊን።

"ካቴድራሉ ጋ።"

"አልኩ እኮ። አንተ ብትኖር መች ታስነካው ነበር።" ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ኦትማር የጢስ ቢራውን ሳይጨርስ ይነሳል። ብርጭቆውን ራሱ ተሸክሞ ማጠቢያው መስኮት ድረስ ያደርሳል።

"ምነው ደግ ሆንክ?" አለችው ኩኒ አንድ ቀን።

"ለእግርሽ አዝኜ ነው።"

"እግሬማ ቆሞ ነው የሚውለው። ለእጄ እዘንለት።" ያበጡ ጣቶቿን አሳየችው። "እኔ ነኝ የደፋሁት" የሚለው ቃል ከንፈሩ ጫፍ ደረሰ። "በርቺ" ብሏት ተመለሰ።

ዛሬም ያንን ወግ ለጎብኚ ይተርካል፤ እንባው ግን አሁን ሳይጠራው ይመጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ባምበርግ ከዘለቅህ አንድ ውለታ ዋልልኝ። ስለ ካቴድራሉ አትጠይቀው። የማጠቢያው መስኮት እስኪከፈት ታገሥና፣ ኩኒም ቬንዴሊንም በሚሰሙት ድምፅ፣ "ኦትማር፣ ያቺ ሴት ፎቶ የተነሳችበትን ኩባያ ማን ነበር የደፋው?" ብለህ ጠይቅልኝ።