ወንድሜን የመታው ኮከብ

የሰማይ ድንጋይ ሰው መታ ሲባል በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቡሬ ሳለሁ የተመታው ሰው የመራዊ ነው ተባለ። መራዊ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ወሬውን ባነሳላቸው «እሱማ የቡሬ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉኝ። የተመታው ሰው ሁልጊዜ አንድ ገበያ አልፎ ነው የሚኖረው። ቁስሉን ያየ የለም፤ ቁስሉን ያየ ሰው የሚያውቅ ግን በየቤቱ ሞልቷል። ሁለተኛ ደረጃ ስማር መምህራችን ከሰማይ የሚመጣው ድንጋይ አብዛኛው አየር ላይ ተቃጥሎ እንደሚያልቅ፣ ከተረፈውም ብዙው ባሕርና ምድረ በዳ ላይ እንደሚያርፍ ነግሮናል። ሰው ከቶ አይመታም አላለም። ግን ጎጃምን ለይቶ ይህን ያህል የሚወድበት ምክንያት አልታየኝም።

ባለፈው መስከረም የተመታው የገዛ ወንድሜ ሆነ።

እኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጅጋ ወረድ ብሎ ያርሳል፤ እሸት ሲደርስ እኔ እህቱ ሄጄ ጥቂት ቀን እሰነብታለሁ። አገሩ የሚያከብረው ሽማግሌ ነው። ከብት የሰው አዝመራ ሲገባ፣ ከማሳ እሸት ሲጠፋ፣ ለዳኝነት የሚቀመጠው እሱ ነው። በዚያ ክረምት የእሱ በቆሎ ዘገየ። የአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ በቆሎ ግን ደርሶ ነበር።

ሴትዮዋ ማሳዋ መካከል ከፍ ያለ የእንጨት ማማ አላት፤ እዚያ ላይ ተቀምጣ ዝንጀሮ በወንጭፍ ታባርራለች። ለዚህ ደንብ አለው። በቆሎው ሲንኮሻኮሽ ጠባቂው ወንጭፉን ከመልቀቁ በፊት ሦስት ጊዜ «ሃይ!» ይላል። ውስጥ ያለው ሰው ከሆነ «ሰው ነኝ!» ብሎ ይመልሳል። ዝም ካለ ዝንጀሮ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ደጅ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ሦስቱን «ሃይ» ሰማሁ። መልስ አልነበረም። ወንጭፉ አፏጨ። ወዲያው «ወይኔ እናቴ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዝንጀሮ እናቱን አይጠራም።

ወንድሜ ግራ ክንዱን ታቅፎ ገባ። በቀኙ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ይዟል።

«ኮከብ መታኝ» አለ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ?»

«የቀን ኮከብ ነዋ!»

«የት ሆነው ነው የመታዎት?»

«መንገድ ላይ።»

ጋቢው ላይ የበቆሎ ፀጉር ተጣብቆ ነበር።

በማግስቱ ቤቱን ጠያቂ ሞላው። ድንጋዩ ሰፌድ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ነካ አድርጎት ገና ትኩስ ነው አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበር። ሌላው ድኝ ድኝ ይሸታል አለ። የደብሩ ቄስ አገላብጠው አዩትና «ከሰማይ ለመጣ ጭቃ አላጣም» ብለው መልሰው አስቀመጡት። ባለማማዋም የተቀቀለ እሸት ይዛ መጣች።

«እግዜር ይማርዎት አባዬ። ምን ያለው ኮከብ ነው ሽማግሌ የሚመታ?»

«አንቺም ተጠንቀቂ» አላት ወንድሜ። «ማማ ላይ ስለምትውይ ለሰማይ ቅርብ ነሽ።»

«እኔንስ አይመታኝም። ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።»

ወንድሜ እሸቱን ተቀበለ። በአንድ እጁ መፈልፈል ስላልቻለ እኔ ፈለፈልኩለት።

በሦስተኛው ቀን ክንዱ አብጦ ጠቆረ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው «የሰማይ ቁስል መርፌ አይወድም» አለኝ። ነገሩ ገብቶኛል። ጤና ጣቢያ የት፣ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል። ዳኝነቱን ከሚያጣ ክንዱን ሊሰጥ የቆረጠ ይመስል ነበር። ገበሬ ያለ ክንድ ምን እንደሆነ ለእሱ የምነግረው እኔ አይደለሁም።

ሰው እስኪወጣ ጠብቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ባለማማዋ ሦስት ጊዜ ስትጮህ ሰምቻለሁ።»

ክንዱን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«ሦስተኛውን እኔ አልሰማሁትም» አለ።

በማግስቱ በጠዋት ባጃጅ ይዘን ጅጋ ጤና ጣቢያ ወጣን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ ወንድሜን ሲያይ ተነሣ።

«አባባ፣ ኮከብ የመታዎት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እኔ እንግዲህ የኮከብ ቁስል አልተማርኩም። ከሰማይ ከሆነ ባሕር ዳር እልክዎታለሁ፤ እነሱም አያውቁትምና አዲስ አበባ ይልኩዎታል። ክንዱ እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ እንጃ። የወንዝ ድንጋይ ከሆነ ግን እዚሁ አሁን አክመዋለሁ።»

በሩ ክፍት ነው። ደጅ አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሁለቱ የመንደራችን ሰዎች ነበሩ። ወንድሜ እነሱን አየ፤ ክንዱን አየ።

«የወንዝ ነው» አለ።

«የት ሆነው መታዎት?»

«በቆሎ ውስጥ።»

የማን በቆሎ እንደሆነ ጤና መኮንኑ አልጠየቀም። አግዳሚው ላይ ያሉት ግን ተያዩ።

ጤና መኮንኑ ቁስሉን ከፍቶ መግሉን አወጣ፤ አጠበው። «አጥንቱ ደህና ነው» አለ፣ «ሁለት ቀን ብትዘገዩ ግን ሌላ ነገር እናወራ ነበር።» ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል።

«እስቲ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ።»

አውራ ጣቱ ታዘዘች። ሌሎቹ ቀስ እያሉ ተከተሉ። ትንሿ ቆይታ፣ ቆይታ፣ ነቅነቅ አለች።

«እማማ» አለኝ ጤና መኮንኑ፣ «ብርሃን ከለሉብኝ።»

ለካ ከላዩ ላይ ጎንበስ ብዬ ኖሯል። ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ።