ገመድ ሲነቀል፦ ወረታ ደርሶ መልስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር የተነሣሁት የራሴን ስህተት ፍለጋ ነው። ርብ ወንዝ ዳር የውሃ ከፍታ መለኪያ አለ፤ መለኪያውንና ኮምፒውተሩን በዩኤስቢ የሚያግባባውን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገመዱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያልተቀመጠው ንባብም ይጠፋል። የጣቢያው ባለሙያ ትዕግሥት ደውላ፣ «ዛሬ ካልተስተካከለ መለኪያው ይነሣልኝ። ክረምቱ በሩ ላይ ነው» አለችኝ።

ሚኒባሱ መቶ ሃምሳ ብር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ስነግረው «እህ» ብሎ ተኛ። ግጥምም ኮድም ለብቻዬ የተማርኩ ነኝ፤ ሁለቱንም የሚያነብልኝ የለም። ከሐሙሲት ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ፤ የተሰነጣጠቀ የሩዝ ማሳ፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ሽንኩርት።

አራት ሰዓት፣ ጣቢያው

ከወረታ በባጃጅ ደረስኩ። ድራይቨሩ ለመለኪያው «ስንት ደረስክ?» እያለ ጥያቄ ይልካል። ገመዱ ሲነቀል ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ይሰርዛል፤ የያዙትንም የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ቦታ ይለቃል። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሰከንድ ማቆያ ጨመርኩ። ሦስት ጊዜ ነቀልን፤ ሠራ። በአራተኛው ቀጥ አለ።

«ሦስቱ ለእኔ፣ አራተኛው ለጎርፉ ነው?» አለች ትዕግሥት።

አፍሬ ወጣሁ።

ሰባት ሰዓት፣ ሽንኩርቱ ዳር

ሽሮ በሩዝ እንጀራ ለብቻዬ በልቼ ስመለስ አያ ደሴን አገኘሁ። ገበሬው ውሃ እንዲያከፋፍሉ የመረጣቸው የውሃ አባት ናቸው። የቦዩን ራስ በጭቃ ዘግተው ቆመዋል። አንድ ጎልማሳ ለቀጣዩ ባለተራ ሊወስደው የቦዩን ቧንቧ ጨብጧል።

«ላንሳው?»

«ተው ብያለሁ!»

«ዘግተውታል እኮ፣ አያ» አልኩ።

«ዘጋሁ እንጂ አለቀ አልኩ? መንገድ ላይ ያለውን ውሃ ማን ይጠጣዋል፣ አንተ?»

ጎልማሳው ሳቀብኝ።

«ትንሽ ቢቆዩስ አይበቃም?»

«የጠማው መሬት ላይ አንድ ነው፣ የጠገበው ላይ ሌላ። የቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ነው የሚያውቀው።» እግራቸው ሥር ሦስት ዶማ ተጋድሟል። «ይኼን ደግሞ ባለተራዎቹን ቀድሜ ቀማኋቸው፤ ያለዚያ መልሰው ይከፍቱታል።»

ከሩቅ «አልቋ–ል!» የሚል ድምፅ መጣ። ቧንቧው ተነሣ።

ሮጬ ተመለስኩ። የተጠቀምኩበት የመሰረዣ ትእዛዝ «ሰርዝ» ብሎ ወዲያው የሚመለስ ነበር፤ ማለቁን አይጠብቅም። የድራይቨሩ መልስ ተቀባይ ክፍል ገና እየሠራ እኔ ቦታውን እለቅበታለሁ። ይባስ ብሎ ተቀባዩ በጨረሰ ቁጥር አዲስ ጥያቄ ይልካል። ቅደም ተከተሉን ለወጥኩ፤ መጀመሪያ አዲስ ጥያቄ መከልከል፣ ቀጥሎ ሰርዞ ተቀባዩ እስኪጨርስ መጠበቅ፣ ቦታውን መልቀቅ በመጨረሻ። ሃያ ጊዜ ነቀልን፤ ሠራ። ትዕግሥት ሃያ አንደኛውን ነቅላ፣ «ይቀመጥ» አለች።

አምና ጎርፉ ሁለት ጥጃ የወሰደባቸው አያ ደሴ የጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። «ታዲያ ዘንድሮ ይነገረናል?»

«ትደውልልዎታለች።»

«በል፣ አንተም ስትደርስ ድምፅህን አሰማኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

የኪራይ ክፍሌን ከፈትኩ። እንዴት ዋልክ የሚል የለም። ማዘዝ አንድ ነገር፣ ማለቁን መስማት ሌላ መሆኑን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። መደወሉን ለነገ ላሳድረው ብዬ ነበር፤ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሡት።

«ደረስክ?»

«ደርሻለሁ፣ አያ።»

«ተመስገን። መንገድ ላይ ነህ ብዬ ደጅ ተቀምጬ ነበር። በል፣ አሁን ልግባ።»