ከጭድ ክምሩ ጥግ የቆመችው ካሚዮን

ለመኪና የተሳልሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ለልጅ ይሳላል፣ ለዝናብ ይሳላል፣ ለጠፋች ላም ይሳላል። እኔ ግን ዶሮ እንቁላል ለምትጥልባት አንዲት የዛገች ካሚዮን ብዬ ለእመቤታችን ጧፍ ተሳልሁ። እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ለማንም አልተናገርሁም።

ካሚዮኗ የባሌ ነበረች። እኔን ከማግባቱ በፊት ጎንደር ለአንድ ነጋዴ በሾፌርነት ሲሠራ ኖሮ፣ ነጋዴው ሲያረጅ ለድካምህ ብሎ ሰጠው። እንደተጋባን ሰሞን የገበያውን ሰው ከነእህሉ፣ ከነዶሮው ጭኖ ከወረታ ሐሙሲት ያመላልስባት ነበር፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እስከ አንበሳሜ ይዘልቃል። ያኔ ደስተኛ ሰው ነበር። ጥሩንባዋን ከሩቅ ሲነፋ ጥጆቻችን እንኳ ያውቁታል።

አንድ ክረምት ርብ ሞላ። ርብ መሙላቱ ለፎገራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅሎ፣ ከብቱን ወደ ከፍታው አውጥቶ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ካሚዮን ግን ቆጥ ላይ አትሰቀልም። ጎርፉ ሞተሯ ድረስ ገባባት፤ ሲጎድልም ጭቃ ጎርሳ ቀረች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መርዶ መጣ። ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የነበረውን የባሌን ታላቅ ወንድም ወባ ገደለው። የእኛም ሜዳ ወባ አያጣውም፤ የዚያ አገር ወባ ግን ጎልማሳ ሰው በሦስት ቀን ይጥላል ይሉ ነበር። የተቀበረውም እዚያው ነው። እናታቸው፣ አማቴ፣ በልብሱ አለቀሱ። ባሌም በሐዘን ላይ ሐዘን ሆነበትና መኪናዋን ባለችበት ትቶ ሞፈር ጨበጠ።

ገበሬነት ግን አልሆነለትም። ባሌ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ትልሙ ወደ ዓለም በር እንደሚወጣው መንገድ ይጠማዘዝ ነበር። በሬዎቹ ሲለግሙበት «ማርሽ ቀይሩ እንጂ!» ይላቸዋል እየተባለ ተቀለደበት። ቀልድ አይደለም፣ ሲል ሰምቼዋለሁ። ዓመት ዓመትን ሲተካ ካሚዮኗ የግቢው ዕቃ ሆነች። ዶሮዎች ጋቢናው ውስጥ ታቀፉ፣ ላሞች ጎናቸውን አከኩባት፣ እኛም ከኋላዋ ጭድ ከመርን፤ ክምሩም እየተናደ ጀርባዋን ቀበረው። ጎረቤቱ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ በባሌ ላይ ይሳለቅ ነበር። እሱ ስቆ ያልፋል። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልበትም፤ ስንቱን በአፌ መልሼዋለሁ።

የተሳልሁበት ዓመት ቅበላ ላይ የባሌ የአጎት ልጅ ከሁመራ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ የእጅ ሰዓት አስሯል። ትራክተርና ካሚዮን የሚነዳ ሰው እዚያ እንደ ንጉሥ እንደሚታይ ሲያወራ አመሸ። ባሌ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ ሳይነቅል ሰማው። 

«ወንድምህ የቀረበት አገር ልትሄድ ነው?» አልሁት ጠዋት።

«እዚህ ምን አለኝ? በሬው እንኳ ይንቀኛል።»

«እኔስ? እናትህስ? አንዱን ቀብረው አንተንም ይሸኙ?»

 ውሎ አድሮ ግን አንድ ነገር ቆረጠ። «መኪናዋን እሞክራታለሁ» አለኝ። «እስከ ፋሲካ ከተነሣች እቀራለሁ። ካልተነሣች በዳግማ ትንሣኤ ማግስት አብሬው እወርዳለሁ። የባሌስትራ ብረቷን ባለእጆች ወስደው ማረሻ ያድርጉት።» እኔም የተሳልሁት ያን ቀን ነው።

ሁዳዴን ሙሉ ሥራችን እሷ ሆነች። ሞተሯን ብልት በብልት ፈትቶ ሰሌን ላይ ዘረጋው። በላምባ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ይገጥማል። እኔ ዶሮዎቹን እየከለከልሁ ዕቃ አቀብላለሁ። ባትሪና ካንዴላ ከጎንደር በአውቶቡስ አስመጣ። ጎማዎቹን ጠጋግኖ ነፋ። እጁ እየጠቆረ ፊቱ እየበራ ሄደ፤ ያገባሁት ሰው ተመልሶ መጣ። ይህ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይብስ አስፈራኝ። መኪናዋ ብትከዳው ይህን ሰው እዚህ የሚያስቀረው ነገር እንደሌለ አየሁ።

አማቴ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልነበሩበትም። ጾም ሲሆን በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሚመለሱት ቅዳሴ ሲወጣ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ደግሞም ከመርዶው ወዲህ ካሚዮኗን ቀና ብለው አያዩም፤ በአጠገቧ ሲያልፉ ዓይናቸው መሬት ነው። ስለ እሷ ሲወራም ተነሥተው ይወጣሉ። እኛም ሐዘናቸውን እንዳንቀሰቅስ ብለን አንድ ነገር ጠይቀናቸው አናውቅም።

ሆሳዕና ካለፈ በኋላ ቤንዚን ተደረገባት። ባትሪው አቅም ስላነሰው ባሌ ከፊት የሚሽከረከረውን የማስነሻ ብረት ሰክቶ አዞረ። አገሳች። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ እኔ እልል ልል አፌን ከፈትሁ። ወዲያው እህ፣ እህ ብላ ሳለችና ጸጥ አለች። እንደገና አዞረ፤ እንደገና ተነሥታ ጸጥ አለች። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ካንዴላውን ለወጠ፣ ቤንዚኑን አጠለለ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችንን ሞልቶ መካሪ ሆነ፤ አንዱ ቤንዚኑ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ሁሉም የሚያፈጥጠው ሞተሯ ላይ ነው።

«ነፍስስ አላት» ይል ነበር ባሌ። «ትነሣለች፣ ግን ትታፈናለች። ምን እንደሚያፍናት አጣሁት።»

ዓርብ ስቅለት ነውና ስግደት ዋልን። በቀዳም ሥዑር ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሞከራት። ብረቱ ተስፈንጥሮ አንጓውን መታው። እጁን በእጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ጎማው ላይ አስደገፈ።

«በቃኝ» አለ። «ባለእጆቹን ላኪባቸው።»

የአጎቱ ልጅ በነጭ ሸሚዙ ከወዲያ ቆሞ «አይዞህ፣ እዚያ አዲስ መኪና ትይዛለህ» አለው። ደሜ ፈላ። እሱን መምታት ነውር ሆነብኝና ካሚዮኗን በእግሬ መታኋት። ከዚያ አለቀስሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚሉት፣ ሁዳዴውን ሙሉ ያፈንሁት ሁሉ ወረደ።

አማቴ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ከቤተ ክርስቲያን የታደለውን ቀጤማ እራሳቸው ላይ አስረዋል። ልጃቸውን መሬት ላይ ሲያዩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ምን ሆነች?» አሉ። ስለ ካሚዮኗ ሲጠይቁ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

«ተይኝ እምዬ። ትነሣና ትታፈናለች።»

«ኧረ ምርጊቱን አንሥተህላታል?»

«የምን ምርጊት?»

አማቴ በኋላዋ ዞሩ። ምርኩዛቸውን ጭዱ ውስጥ ሰደው «እዚህ ነው፣ ግለጡት» አሉ። ጭዱን ግራና ቀኝ በተንነው። ከጭነቱ ካሶኒ ሥር የጭስ ማውጫው ቱቦ ጫፍ ብቅ አለ። አፉ ድፍን ብሏል፤ ተለስልሶ፣ ተስተካክሎ፣ በላዩም በጣት የተደረገ መስቀል አለበት። በእኛ አገር የዘር እህል ጎታ ሲገባ አፉ በእበትና በአመድ ይመረጋል፤ አይጥ እንዳይገባው፣ ነቀዝ እንዳይበላው። እስኪዘራ ድረስም ማንም አይከፍተውም። አማቴ የልጃቸውን መኪና እንደ ዘር ጎታ መርገዋት ነበር።

 ባሌ ብረት አንሥቶ ይቆፍር ጀመር። የስንት ዓመት እበት ድንጋይ ሆኗል፤ አልንቀሳቀስ ብሎ ቆይቶ እየተፈረፈረ መጣ። ከአፉ ያለው ሲወጣ የቀረው ወደ ውስጥ ዘለቀበት።

«አዙሪያት» አለኝ። እጁ አብጦ ነበርና ከእኔ ሌላ ሰው አልታየውም። «አውራ ጣትሽን ብረቱ ላይ አትጠቅልይ።»

መቀነቴን አጥብቄ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰጠኋት። አገሳች። አሳላት፤ አንድ ጊዜ እንደ ጠመንጃ ጮኸችና ከጀርባዋ ጥላሸት፣ የተረፈ እበትና የአይጥ ጎጆ የሚመስል ነገር ተተኮሰ። የአጎቱ ልጅ ምን እንደሚወጣ ሊያይ ጎንበስ ብሎ ነበር። የነጩ ሸሚዝ ታሪክ በዚያ አለቀ። ካሚዮኗ ግን አልጠፋችም። ተንቀጠቀጠች፣ ተስተካከለች፣ ቀጠለች። እኔ እልልታዬን አቀለጥሁት። ጠዋት ዓይነ ጥላ ነው ሲል የነበረው ጎረቤት ከአጥር ማዶ «እኔ ድሮም ብያለሁ!» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ባሌ እናቱ ፊት ቆመ። «እምዬ፣ መቼ ነው የመረግሻት? ለምንስ?»

አማቴ ቀጤማቸውን አስተካከሉ። «የወንድምህ መርዶ በመጣ በሰልስቱ» አሉ። «ይችም ከሞተች ያንን ተከትለህ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። እኔ የሞተር ነገር ምን አውቄ። እህልን የሚያቆየው ምርጊት ነው፤ አንተንም ያቆይልኝ ብዬ ነው።»

ሊያስቀሩት ያደረጉት ነገር ሊያስኬደው አንድ ሐሙስ ቀርቶት እንደ ነበር ማናችንም አልተናገርንም። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። እናቱም እጃቸውን እራሱ ላይ ጫኑበት፤ ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ምን ብለው እንደመረቁት አልሰማሁም።

ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ የአጎቱ ልጅ መንገድ ጀመረ። ባሌ «የጎንደር አውቶቡስ እስከሚቆምበት እስከ ወረታ እኔ አደርስሃለሁ» አለው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ጋቢ ይዞ መውጣቱ ያለ ነው፤ እኔ ግን ፈራሁ። አሁን እኮ የምታስኬድ መኪና አለችው።

«ቁጭ በይ፣ ይመለሳል» አሉኝ አማቴ። እሳቸው ግን ራሳቸው አልተቀመጡም። ከአጥሩ በር ወዲህና ወዲያ ቆመን፣ እኔ የላም ገመድ የምፈታ መስዬ፣ እሳቸው ዳዊት የሚደግሙ መስለው መንገዱን አየን። ሜዳው ደርቋልና አቧራ ሁሉ የመኪና ይመስላል። አንዱ አቧራ የከብት ሆነ፣ ሌላው የነፋስ። ፀሐይዋ ወደ ጣና ማዘቅዘቅ ጀመረች።

መጀመሪያ የሰሙት ጥጆቹ ናቸው፤ ጆሯቸውን አቆሙ። ቀጥሎ ጥሩንባዋ ከሩቅ መጣ፤ ረጅም፣ እንደ ዱሮው። አማቴ ምርኩዛቸውን ለቀቁና በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«መጣልን» አሉ።