«ማን ትመልሳለች?»

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ቃሊቲ

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሣም፤ እኛ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ነን። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሶስና ቦርሳዋን ታቅፋ መስኮቱን ተደግፋለች። የምንሄደው ሐዋሳ፣ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ልናይ ነው። ሶስና ዘንድሮ ክፍል ውስጥ መናገር ትታለች። መልስ በሰጠች ቁጥር ሁለት ወንዶች ድምጿን አስመስለው ይደግሙታል፤ ክፍሉም ይስቃል። እኔ «ናቂያቸው» ከማለት በቀር የረባ ምክር አልሰጠኋትም። ትምህርት ቤቱን ያገኘችው እናቷ ናት። ውሳኔው የልጅቷ ነው ተባብለናል፤ እኔ ግን በሆዴ «ምነው እምቢ ባለች» እያልኩ ነው። ከልጄ ተለይቼ ማደር አልለመድኩም።

ረፋዱ 4፡30፣ ሐዋሳ

መቂ ላይ የቲማቲም ሣጥን ተራራ፣ ሻሸመኔ ላይ የጋሪና የባጃጅ ትርምስ፤ ከዚያ ሰፊውና ጥላ የሞላው የሐዋሳ ጎዳና። ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወደ ታቦር ሰፈር የወሰደን ባለባጃጅ የት እንደምንሄድ ሲሰማ እህቱ እዚያው እንደተማረች ነገረን።

«ጎበዝ ናት ጋሼ። ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከወንዶች ጋር የቡድን ሥራ ሲሰጧት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም አለች። አልለመደችማ።»

አሁንስ ስለው፣ አሁንማ መሐንዲስ ሆና ወንዶቹን ታዛለች ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የያዝኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰበብ ፈላጊ አይደለሁ።

5፡15፣ ክፍል ውስጥ

ኋላ ተቀመጥን። የሒሳብ መምህርቷ ቲቸር አማረች ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ዞረችና «ማን ትመልሳለች?» አለች። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሁሌም የሚባለው «ማን ይመልሳል?» ነበር፤ ሴቶቹም እዚያው ውስጥ አሉ ብለን አልፈነዋል። አንዲት ቀጭን ልጅ ወጥታ ሠራችው። ተሳሳተች። ማንም አልሳቀም። አጥፍታ እንደገና ሠራችና አገኘችው። ደስታው ፈንቅሎኝ «ወንዳታ!» አልኩ።

በዚህ ጊዜ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቲቸር አማረችም እየሳቀች፣ «እዚህ እንኳ ወንድ የለም አባት፤ ጎበዝ ይበሏት» አለችኝ። አፈርኩ። ለሴት ልጅ ሙገሳ ብዬ ያልኩት ቃል ምን እንደሚል ለካ አስቤው አላውቅም። ሶስና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ከጎኔ አንድ እጅ ተነሣ፤ የእሷ ነበር። ጮክ ብላ መለሰች። እንባዬ መጣ።

9፡00፣ አሞራ ገደል

የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ ይዘን ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪያችንን ይጠብቃሉ። ትምህርት ቤቱን ወደድኩት፤ አልደብቅም። ሆኖም የባጃጁን ሰው ወሬ አነሣሁባት፤ ከወንድ ጋር መሥራትን የት ትማሪዋለሽ አልኳት። የዓሣውን አጥንት እየለየች መለሰችልኝ።

«ከመስከረም ጀምሮ ሁለት ዓመት እዚህ እማራለሁ አባዬ። ከዚያ ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ መልሰኝ። እዚያ ያልመለስኩት ብዙ ጥያቄ አለ።»