ኡስታዝ ባቢከር የፈለገው ካሴት

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የአቧራው ማዕበል ሦስት ጊዜ የሱዳኗን ከተማ ኦምዱርማንን ዋጣት። ከምዕራብ ቀይ ሆኖ ይነሣና ቀትሩን ያጨልመዋል፤ ሰው አፉን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፍኖ፣ የግቢ አልጋውን እየጎተተ ወደ ቤት ይሮጣል። ካለፈም በኋላ አያልፍም፤ ወጡም፣ ሻዩም፣ እንቅልፉም አሸዋ አሸዋ ይላል። ባቢከር ሐሚዳ ያን ወቅት ባሰበ ቁጥር ጥርሱ ላይ አሸዋ ይንቋቋበታል። ልጁ ሙዘሚል የጠፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው ማዕበል መካከል ነበርና።

ያኔ ባቢከር ትልቅ ሰው ነበር። ቴሌቪዥን ጣቢያ የገባው ገመድ ተሸካሚ ሆኖ ነው። ከዚያ ካሜራ ያዘ። ቆይቶም ስታዲየሙ በር ላይ በምትቆመው የማስተላለፊያ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ "አንድ ቁጥር! ሁለት ቁጥር!" እያለ ከየካሜራው ሥዕል የሚመርጠው እሱ ሆነ። የከተማዋ ሁለት ቡድኖች፣ የቀዮቹና የሰማያዊዎቹ ግጥሚያ በየቤቱ የገባው በእሱ እጅ ነው። ተጫዋቹ ላቡን ሲጠርግ ፊቱን አቅርቦ ያሳይ ስለነበር፣ ኳስ የማይገባቸው እናቶች እንኳ ልጆቹን በስም ለይተው "ዛሬስ ከሳብኝ" ይሉ ነበር። ስፖርቱ ሲያምርለት ጊዜ ዜናውን ደረቡለትና የስፖርትና የዜና ኃላፊ ተባለ። ሚስቱ ቡሰይና ግን ሹመቱን አልወደደችለትም።

"ኳስ ላይ የሚሰድብህ ሰፈርተኛ ነው፤ ነገ ይታረቅሃል። ዜና ላይ የሚቀየምህን ግን ከየት ታውቀዋለህ?"

"አንቺ ደግሞ ሟርት አታጪም" ብሎ ሳቀባት።

ሙዘሚል ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በዚያ ዘመን ተማሪ መሆን ብቻውን መንግሥት ዘንድ ያስጠረጥር ነበር። ዓርብ ለት ቢጫ ሸሚዙን ለብሶ፣ "አባባ፣ ዛሬ ቀዮቹ ይጠብሷችኋል፤ መሐረብ ያዝ!" ብሎ በሰማያዊዎቹ ደጋፊ አባቱ ላይ አሾፈና ወጣ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ከስታዲየም ሲገባ እሱ አልገባም።

ባቢከር አምስት ቀን በር አንኳኳ። በየፖሊሱና በየጸጥታው ጽሕፈት ቤት የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ "እኛ ጋ የለም። ስታዲየም መግባቱንስ በምን አወቅህ? ዓባይ ወስዶት እንደሆነስ?" በስድስተኛው ቀን የልጁ ጓደኛ ተደብቆ መጣ። ሁለት ሰዎች ሙዘሚልን ከምሥራቁ መቀመጫ እጁን ይዘው ሲያወጡት በዓይኑ አይቷል።

"መስክርልኝ፣ ልጄ።"

"ኡስታዝ፣ እኔም እናት አለችኝ።"

እንግዲያው ሥዕሉ ይመስክር አለ ባቢከር። ሰው ቢፈራ ካሴት አይፈራም። ወደ ጣቢያው ከነፈና የካሴት ክፍሉን ጠባቂ ሽማግሌውን ጁምዓን ያዘው።

"የዓርቡን ግጥሚያ አምጣልኝ፤ ቶሎ!"

ጁምዓ መነጽሩን አወለቀ። "እሱማ ሰኞ የሚኒስትሩ ጉብኝት ተቀረጸበት።"

"በማን ትእዛዝ?"

"በእርስዎ ነዋ! ካሴት አልበቃ ሲል፣ ግጥሚያ ሁለት ቀን ካለፈው ለዜና ይሰጥ ያሉት እርስዎ አይደሉም? ይኸው በሩ ላይ ተለጥፏል።"

የራሱ ፊርማ ነበር። በዚያ ወረቀት የስፖርቱንና የዜናውን ሰዎች የካሴት ጠብ አበረድኩ ብሎ ኮርቶበት ነበር።

ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ከቴሌቪዥን የሚቀርጽ ማሽን ስለነበራቸው፣ ባቢከር በየማታው ቤታቸውን ዞረ። የሰማያዊዎቹ ደጋፊዎች ዘንድ ግጥሚያው የለም። "የተሸነፍንበትን ማን ያስቀምጣል? የእህቴን ልጅ ሠርግ ቀረጽንበት" አሉት። ቀዮቹ ዘንድ ደግሞ ያለው ጎሉ ብቻ። እግሩ ሲዝል ጊዜ ከልብስ ሰፊው ከጠይፉር ደጃፍ ደረሰ። ቀዮቹ ቢወድቁ ሦስት ቀን እህል የማይቀምስ ሰው ነው።

"አጀብ!" አለ ጠይፉር በሩን ይዞ። "የሰማያዊዎቹ አለቃ ከቤቴ! የጣቢያውን ካሴት በንዴት አጠፉት አሉ፤ የእኔንም ሊጨርሷት ነው?"

"ጠይፉር፣ ልጄን ነው የምፈልገው።"

ጠይፉር መቀሱን አስቀመጠ። "ይግቡ፣ ይግቡ። ምላሴ ይቆረጥ" አለና ካሴቱን ከሳጥን አወጣ። ሙሉ ነበር።

ዘጠና ደቂቃውን እያዩ ሻዩ ቀዘቀዘ። ቀዮቹ ጎል አግብተው ካሜራው ወደ ምሥራቁ ሕዝብ ሲዞር፣ ቢጫው ሸሚዝ ታየ። ሙዘሚል አፉን ከፍቶ እየዘፈነ ነው። ከኋላው ሁለት ሰዎች ወረዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አንዱ ትከሻውን ያዘው፤ ልጁ ዘወር አለ፤ ይኼኔ ሥዕሉ ተቀየረና ከሜዳ የወጣች ኳስ መጣች።

"መልሰው" አለ ባቢከር።

መለሰው። አሁንም መለሰው። ወደ አሥር ጊዜ ደጋገሙት።

"ይኼ ካሜራ ያዥ ምን ነካው?" አለ ጠይፉር ተናዶ። "ጥቂት ቢታገሥ እኮ የሰዎቹ ፊት ይለይ ነበር! ማን አዞረው ወደ ኳስ?"

በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕዝብ መሃል ግርግር ከታየ ሥዕሉ ወደ ኳሱ ይሄዳል። ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፤ ባቢከር ራሱ ነበር ለጀማሪው ሁሉ የሚያስተምረው። ዓርብ ለትም መኪናው ውስጥ፣ አራት ጣት በማትሞላ የቴሌቪዥን መስኮት፣ ግርግር ቢጤ አየ። ልጁን አልለየውም። "ሁለት ቁጥር፣ ኳሱን!" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ ባቢከር።

"ምኑን?"

"የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

ጠይፉር ማሽኑን አቆመ። ብርጭቆው በባቢከር ጀላቢያ ላይ ይፈስ ስለነበር ከእጁ ወሰደለት።

ያም ሆኖ ባቢከር ካሴቱን ይዞ "እኛ ጋ የለም" ወዳሉት የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሄደ። አንድ ሹም ሥዕሉን አየና፣ "ትከሻ መንካት ወንጀል ሆነ? ፊታቸውስ የታለ?" አለው። ካሴቱንም መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

ቤት ሲገባ ቡሰይና በሩ ላይ ቆማለች። "አየኸው?"

"አየሁት። እየዘፈነ ነበር።"

"ከዚያስ?"

ነገራት፤ ምንም አልሸሸገም። ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ወደ አትባራ ከተማ ወንድሞቿ ዘንድ ወረደች።

በማግስቱ በዜና ሰዓት ባቢከር አንባቢውን አስነሥቶ ራሱ ተቀመጠ። ጥምጣሙ ተንሸራቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። "ልጄን ሙዘሚል ባቢከር ሐሚዳን ዓርብ ለት ሁለት ሰዎች ከስታዲየም ወስደውታል። ያየ ሰው ስለ አላህ..." ሲል ሥዕሉ ድርግም አለ። በየግቢው ያለ ሰው መብራት የጠፋ መስሎት ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። አምፖሉ በርቷል።

ባቢከርን አሥራ አራት ወር አሰሩት። ሲወጣ ሥራ የሰጠው አልነበረም። ሙዘሚልን ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። የባቢከር ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው ከከሰላ ከተማ ነው፤ ከጋሽ ወንዝ ማዶ፣ መበለት እህቱ ግቢ ውስጥ፣ በስተኋላ ባለችው ክፍል ይኖር ነበር።