ሁለት ሳጥን፣ አንድ መርገጫ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልደታ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ የስልክ ሽፋንም ቻርጀርም ጊታርም ጎን ለጎን በሚሸጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሲጋራ ፓኬት የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ የጊታር ፔዳሎች ፊት ቆሜ ሳመነታ ነበር። አረንጓዴው ኦቨርድራይቭ የሚሉት ነው፤ በእግር ሲረግጡት የጊታሩን ድምፅ ጎርነንና ሻከር አድርጎ ያወፍረዋል። ነጩ ቡስት ይባላል፤ የሰጡትን ድምፅ እንዳለ ተቀብሎ ከፍ ብቻ ያደርገዋል። ሁለቱም ከትልልቆቹ ፔዳሎች አንጻር ርካሽ ናቸው፤ በመምህር ደሞዝ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ማንሣት የሚታሰብ ስላልሆነ መምረጥ ነበረብኝ። ሻጩ፣ ጺሙን በጥንቃቄ ያስተካከለ ትሑት ወጣት፣ ተራ በተራ እየሰካ አስሞከረኝና ምክሩን ለገሰኝ።

"ማዘር፣ አረንጓዴውን ይውሰዱ። ጣት ቢሳሳት እንኳ ይሸፍናል።"

"ማዘር" መባሉን ገና ሳልለምደው፣ ከኋላው ያለው ባልደረባው የተበጠሰ ገመድ ሊጠግን የጋለውን የብየዳ ካውያ አስነካና፣ ቀልጦ የሚጤስ እርሳስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ነጩን ገዛሁ። ለምን እንደሆነ ለልጁ አላስረዳሁትም፤ ከኋላዬ ሰው ይጠብቅ ነበር፣ ነገሩም ረጅም ነው።

ያ ሽታ የጋሽ ከድር ሽታ ነው። ጋሽ ከድር አብነት ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊና ከአንድ ወፍጮ ቤት መካከል በተሸጎጠች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ቀጭን፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነበር። ሱቁ ውስጥ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች እስከ ጣሪያው ተደራርበው፣ ከላያቸው ላይ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት እንደ ጉም አርፎባቸው፣ እሱ መሀላቸው ተቀምጦ መነጽሩን በአንድ ጆሮው ላይ ብቻ አንጠልጥሎ ይሠራል። ሌላኛው የመነጽሩ እግር ተሰብሮ ነበር፤ የሰፈሩን ዕቃ ሁሉ የሚጠግን ሰው የራሱን መነጽር የሚጠግንበት ጊዜ አጥቶ ኖረ።

እኔ ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ሙዚቃ ክበብ ጊታር ተጫዋች ነኝ። "ጊታር ተጫዋች" ስል ትንሽ እያጋነንኩ ነው። በክበቡ ዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ማንም የማይነካው አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረ፤ ክር ማጥበቂያዎቹ ሁለቱ ጠፍተው በፒንሳ ነው የሚዞሩት፤ ወንዶቹ ሁሉ ለድራምና ለማይክሮፎን ሲሻሙ እኔ እሱን ያዝኩት። ወደ ቤት ይዤው ልምጣ ብዬ አባቴን ሳስፈቅድ፣ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜውን የገፋ ሰው ስለሆነ እንደ ልማዱ መለሰልኝ።

"ጉዳዩ ተመርምሮ ለሰኞ ተቀጥሯል።"

አባዬ ሁሉ ነገሩ እንዲህ ነው። ጫማም ብንጠይቅ፣ ሠርግ ልንሄድም ብንል፣ መጀመሪያ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቀጠሮው ሲደርስ ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። ሰኞ ማታ እራት ላይ "ተፈቅዷል" አለ። ጊታሩ ቤት ገባ። ማጉያ ስለሌለን ክሩን ስነካው የሚሰማው የዝንብ ጩኸት የምታህል ድምፅ ብቻ ነበረች፤ አባዬ ጋዜጣውን እያነበበ አልፎ አልፎ ቀና ይልና እማዬን "ያ ዝም ያለው ክራር ዛሬም አለ?" ይላታል። እኔ ከመኝታ ቤት እሰማዋለሁ። እየቀለደ ይሁን እየወቀሰ አላውቅም ነበር፤ አባዬ ፊቱ ላይ ብዙ ነገር የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

ችግሩ የመጣው የክበባችን ልጅ ዳዊት ኪቦርድ ይዞ ሲመጣ ነው። አጎቱ ከጅዳ ያመጣለት፣ መቶ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ፣ ራሱ ከበሮ የሚመታ፣ ራሱ ቤዝ የሚጫወት ነገር። ዳዊት ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ኪቦርዱ ግን ሁሉን ዋጠው። በመጀመሪያው ልምምድ ድራም መቺው እንጨቶቹን አስቀምጦ ተመልካች ሆነ። በሁለተኛው ተራዬ ደረሰ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ጌታሁን አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ሄደው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲያዳምጡ ቆዩና ተመለሱ።

"ትዕግሥት፣ ልጄ፣ አንቺ እየተጫወትሽ ነው እንዴ? እኔ እኮ ምንም አልሰማሁም።"

እየተጫወትኩ ነበር። በትምህርት ቤቱ ደካማ ድምፅ ማጉያ በኩል፣ ጣቶቼ እስኪላጡ እየተጫወትኩ ነበር። እሳቸውም ሰው ለማሳዘን የሚናገሩ አልነበሩምና፣ የዓመቱ መዝጊያ በዓል ሦስት ሳምንት ብቻ እንደቀረው፣ በሰኔ ዝናብ የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ደግሞ ጭራሽ እንደማልሰማ፣ ስለዚህ ለዘንድሮ በኮረስ ብቻ ብገባ እንደሚሻል በለሰለሰ ድምፅ ነገሩኝ። ጊታሩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ በልደታ ማርያም በኩል ቁልቁል ወርጄ፣ በቀጥታ አብነት ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድኩ።

"ጋሽ ከድር፣ ድምፄን ከፍ የሚያደርግ ነገር ይሥሩልኝ።"

መነጽሩን ከጆሮው አወረደና አየኝ። ቀጥሎ ጊታሩን አየ። ጊታር በሕይወቱ ጠግኖ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ግን ለሬዲዮ ድምፅ የሚሆነው ለዚህም አይከለከልም አለ። ሐሙስ ተመለሽ አለኝ። ሐሙስ ስመለስ ከአሮጌ ሶኬት የተረፉ ሁለት የብረት ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው፣ ከየሆዳቸው ባለ ቀለም ሽቦ ወጥቶ፣ በየጎናቸው አንዳንድ ባትሪ ተጣብቆባቸው አገኘኋቸው። አንደኛዋን ከሞተ ቴፕ ውስጥ ባወጣው ማጉያ ነበር የሠራት። በሱቁ ትልቅ ሬዲዮ በኩል ሰክቶልኝ ክሩን ስመታው፣ ድምፁ ከቆርቆሮው ግድግዳ አልፎ ወጣና ጫማ ሰፊው መዶሻውን ይዞ ብቅ አለ፤ ወፍራም፣ የሚያጓራ፣ ከአንድ ምት በኋላ ለረጅም ጊዜ የማይሞት ድምፅ። የሠራሁትን ስህተት ሁሉ ውጦ አንድ ላይ አዋህዶ ሲያወጣው፣ በአንድ ቀን ትልቅ ሙዚቀኛ የሆንኩ መሰለኝ። ሁለተኛዋ ሆዷ ውስጥ ያለው አንዲት ትራንዚስተርና ጥቂት ኮተት ብቻ ነው። እሷን ስሰካ የራሴን ጣት ሰማሁ፤ ክሩ ላይ ስንሸራተት የሚወጣው ጭረት፣ የምትንቀጠቀጠው ትንሿ ጣቴ፣ በትክክል ያልተጫንኩት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ተሰማ።

ጋሽ ከድር አንድ ነገር ደበቀኝ መሰለኝ፤ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተመለሰ። "በእግር የሚረገጥ ማብሪያ ያለኝ አንድ ነው" አለ። "ወለል ላይ ከሚቆም አሮጌ መብራት የፈታሁት ነው፣ ሌላ የለኝም። ሁለቱንም ወስደሽ ሞክሪና የትኛዋ ላይ ልግጠመው እንደሆነ ንገሪኝ።"

እንደኔ ቢሆን እዚያው ነበር የምነግረው፤ የምታጓራዋን። ቅዳሜ ግን ለልምምድ ይዤያቸው ሄድኩና የሚያጓራውን ድምፅ ስለቀው፣ ዳዊት ተደንቆ አንዱን ቁልፍ ጫን አደረገና ኪቦርዱም ያንኑ የመሰለ ድምፅ ለቀቀ። ለሱ ጨዋታ ነበር፤ እየሳቀ እኔ የምጫወተውን ተከትሎ ይጫወት ጀመር። መምህር ጌታሁን ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙረው ይጽፉ ነበርና፣ ስንጨርስ "ዳዊት፣ ይሄ ጥሩ ነው" አሉ። የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ። ዳዊት ሊያርማቸው ሞከረ፤ እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ነገሩ ግን አንድ ጊዜ ገብቶኛል። ያ ድምፅ ከፍ አድርጎኝ ነበር፣ እኔን ግን ለይቶ አላወጣኝም። በሌላዋ ሳጥን፣ ክሩን በጣቴ ገፋ አድርጌ ድምፁን እንደ ድሮ ዘፋኞች ሳስለቅሰው ኪቦርዱ ሊከተለኝ አልቻለም፤ ዳዊት ቁልፎቹን ሁሉ ሞካክሮ ተወው።

ሰኞ ወደ አብነት ተመለስኩና ባለ አንድ ትራንዚስተሯን አመለከትኩት።

"ይቺ እኮ አትደብቅሽም" አለኝ ጋሽ ከድር።

"አትደብቀኝ።"

መርገጫውን በይዶ ገጠመው። የባትሪዎቹን ሒሳብ ብቻ ተቀበለኝ። በቀሩት ቀናት እንዴት እንደተለማመድኩ እማዬ ትናገር ነበር፤ እኔ የማስታውሰው በጣቶቼ ጫፍ ላይ የተላጠውን ቆዳና፣ አንድ ቀን አባዬ በመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አዳምጦ መሄዱን ብቻ ነው።

የበዓሉ ቀን መምህር ጌታሁን እንደፈሩት ዝናብ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አዳራሹ በወላጅ ሞልቶ፣ የረጠበ ጋቢና የረጠበ ጃንጥላ ሽታ አፍኖት፣ ቆርቆሮው እንደ ጉድ ይንኳኳል። አባዬ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ የመዝገብ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከእማዬ ጋር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። እኛ የምንጫወተው በትዝታ ቅኝት የተሠራ የድሮ ዘፈን ነው፤ ዘፋኙ ሲያርፍ የጊታሩ ተራ ይመጣል። ተራዬ ሲደርስ ረገጥኩት። ድምፄ ከዝናቡ በላይ ወጣ፤ ከኪቦርዱም በላይ። ከፊት ያሉት ሰዎች ቀና ሲሉ አየኋቸው። የመጀመሪያውን ዙር አሳመርኩት፤ ሁለተኛው ላይ ትንሿ ጣቴ አንድ ቦታ አልፋ አረፈችና፣ ያ አዳራሽ ሰምቶት የማያውቅ የተሳሳተ ድምፅ ከቆርቆሮው ጋር ተጋጨ። ዳዊት ዞር አለ። መምህር ጌታሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግሬ መርገጫው ላይ ነበረች፤ አንዴ ብጫን ድምፄ ወደ ድሮው ዝንብነቱ ይመለሳል፣ ማንም አያየኝም። አልጫንኩም። ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው አንሥቼ፣ ጣቴን ቦታው ላይ አሳርፌ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ጭብጨባው የደስታ ይሁን የርኅራኄ ዛሬም አላውቅም።

አባዬ ወደ ቤት ስንመለስ ስለዝናቡ ብቻ ነው ያወራው። እማዬ ናት ወጥ ቤት ጠርታ በሹክሹክታ የነገረችኝ። አባዬ ከጅምሩ አንስቶ የቱ ድምፅ የኔ እንደሆነ ለመለየት አንገቱን ሲያሰግግ፣ "ይሄ ነው? ያ ነው?" እያለ ሲያስቸግራት ቆይቶ፣ ያ ስህተት ሲወጣ ጊዜ ግን ፊቱ በራና፣ አጠገቡ ወደተቀመጠው የማያውቀው ሰው ዞሮ "ያቺ የተሳሳተችው የኔ ልጅ ናት" አለው። ሰውየው ምን እንደሚመልስ ግራ ቢገባው፣ "እንኳን ደስ አለዎት" አለው አሉ።

ከዚያ በኋላ ጊታር ተጫዋች ሆንኩ ብል ደስ ባለኝ። ሒሳብ መምህር ሆንኩ። ዳዊት ያቺን ኪቦርድ ይዞ የስንቱን ሠርግ ብቻውን ተጫውቶ፣ አሁን ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል ያስተዳድራል ይባላል። ሰፈሩ ሲፈርስ የጋሽ ከድር ሱቅም አብራ ሄደች፤ እሱን ከከተማው ጠርዝ አገኘሁት ያለ ሰው ነበር፤ ፈልጌ ስደርስ ግን ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር፣ ልጁ በሩ ላይ ተቀብላ ሻይ አፍልታልኝ ስለ መነጽሩ እየተሳሳቅን አመሸን። ወፍጮ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ዛሬ በግምት እንኳ ማመልከት አልችልም። አባዬም ጡረታ ከወጣ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሮ ሄደ። እስከመጨረሻው በቀጠሮው ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ጠያቂዎቹን ለማክሰኞ ይቀጥር ነበር።

አሁን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንጫወታለን። ጣቶቼ ደንድነዋል፤ እንደ ልጅነቴ አይታዘዙኝም፤ ደጋግመው ይስታሉ። አላቆምም፤ በመጪው መስከረም ሰው ፊት ልንጫወት ወስነናል። ስሳሳት ባልደረቦቼ ደጎች ስለሆኑ ያልሰሙ ይመስላሉ፤ እኔም ስለ ደግነታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ልደታ ውስጥ ገና ብዙ ሰው ያውቀኛል፤ በአዳራሽ ሙሉ ሰው መካከል በስህተቴ ለይቶኝ የኮራብኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።