ሳሙና የተለጠፈበት ሰልባትዮ

ፍኖተ ሰላም ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ሹፌሩ ዞር ብሎ፣ «አይዞሽ እታለም፣ ቀዳዳውን በሳሙና ደፍኜዋለሁ» አለኝ። ሳሙና ሲል የአባቴ ጀልባ ትዝ አለችኝ።

አባቴ ጢስ ዓባይ ላይ እንግዶችን የሚያሻግርባት አሮጌ የሞተር ጀልባ ነበረችው። ቤንዚን የሚይዘው የብረት ሰልባትዮዋ ዝጎ ሲያንጠባጥብ፣ መካኒኮች መኪና ላይ እንደሚያደርጉት የልብስ ሳሙና ለጠፈበት። ሳሙናን ቤንዚን አያሟሟውም። ውሃ ግን ያሟሟዋል፤ የጀልባ ሆድ ደግሞ ውሃ አያጣም።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን እናቴንና እኔን ሲያሻግር መሀል ወንዝ ላይ ሽታው አፈነን። እግሬ ሥር የተጠራቀመው ውሃ አረፋ አውጥቶ፣ ላዩ ላይ ቤንዚን ተንሳፍፏል። ሞተሩ ግሎ ይንተከተካል። ከታች ፏፏቴው ያጓራል፤ ሞተሩ ከጠፋ ወንዙ የሚወስደን ወደዚያው ነው። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አባቴ እጁን ሞተሩ ላይ እንደጫነ፣ ማንንም ሳያይ፣ «እሳት ነው ውሃ?» አለ።

እንቆቅልሽ መሰለኝ።

«ውሃ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሞተሩን አጠፋው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ፏፏቴው አዞረች። አባቴ መቅዘፊያውን አንስቶ መዳፉ እስኪላጥ ቀዘፈ፤ እናቴ ከዳር የተንጠለጠለ የዋርካ ሥር ይዛ አስቀረችን።

ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ።

«ምነው እታለም፣ ፈራሽ እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ።

አባቴ ያን ቀን የጠየቀው እኔን እንዳልነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ፈጣሪውን ነበር የጠየቀው። እኔ ቀድሜ መለስኩ።